የመኪናዋ ነጠላ

ሌላዋ ሴት በሴት ትቀናለች፤ እኔ የጀመርኩት በመኪና ነው። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ። የመቱ ሴቶች ሲስቁብኝ ስለኖሩ ለምጄዋለሁ። ግን ባሏ ማለዳ ተነስቶ፣ የራሱን ፊት ሳይታጠብ፣ የሌላዋን ገላ ለማጠብ የሚወጣ ሴት ካለች እሷ ትፍረደኝ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ መንገዱ ቀረልን እንጂ መኪና እንደ ልብ አልነበረም። በከተማችን የሚታየው ቡና የሚጭነው የጭነት መኪናና የመንግሥት ሰዎች የሚሄዱበት ጂፕ ነው። ባለቤቴ የሚነዳት ግን የቤት መኪና ነበረች፤ ጥቁር፣ ዝቅ ያለች፣ ኮፈኗ ላይ ፊትሽን የምታዪባት። የአንድ ትልቅ ቡና ነጋዴ ንብረት ናት። በእኛ አገር ጭቃ እንዲህ ያለ መኪና መግዛት ክረምት ላይ ነጭ ጫማ እንደማድረግ ነው። ነጋዴው ግን ለመታየት እንጂ ለመሄድ አልገዟትም፤ ወደ ጎሬም ሆነ ወደ በደሌ በቡና ጉዳይ ሲሄዱ የሚሳፈሩት በጭነት መኪናቸው ነው።

ባለቤቴ የኖፓ ልጅ ነው። ሲናደድ በኦሮምኛ ይናደዳል፣ ሲያዝን በኦሮምኛ ያዝናል፣ እኔን በአማርኛ ዝም ይለኛል። እኔ ደግሞ ያደግኩት ወሬ በሚበዛበት ቤት ነው። አባቴ ከሸዋ የመጣ ጸሐፊ ነበር፤ መሥሪያ ቤት የዋለውን ሁሉ ማታ እራት ላይ ደግሞ ይውለዋል። ሽማግሌዎቹ ለጋብቻ በመጡ ጊዜ «ይሄ ሰውዬ ይናገራል ወይ?» ብዬ እናቴን ጠየቅኳት። «ዝም አይነቅዝም ልጄ» አለችኝ፤ «ተናጋሪ አግብቼ ያየሁትን እኔ አውቃለሁ።» እውነቷን ነው፣ ዝም አይነቅዝም። ግን ደግሞ አይበላም።

ነገሩ የከረረው በአንድ ጥምቀት ዋዜማ ነው። ነጋዴው ታቦት ሲወጣ መኪናቸውን አስከትለው ሊታዩ አስበዋል። ባለቤቴ ምሳ ሊበላ ቤት በመጣበት ሰዓት እመቤቲቱ፣ የነጋዴው ሚስት፣ የቤታቸውን ሴቶች ሰብስበው መኪናዋን እንዲያጥቡ አዘዙ። ሴቶቹ ማጠብ የተማሩት ከየእናታቸው ነው፤ ነጭ ሸማ በእንዶድ፣ ጥቀርሻ የያዘ ድስት በአመድና በገለባ። መኪናዋ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነች ስላላወቁ ሁለቱንም አደረጉባት። በእንዶድ አረፋ አለበሷት፣ ቀጥለው አመድ ነስንሰው በገለባ ፈተጓት። ልባቸው ንጹሕ ነበር፣ ክንዳቸውም ብርቱ። ጭቃው ሲለቅ ጥቁሩም አብሮ መልቀቁን ያዩት ውሃ ካፈሰሱባት በኋላ ነው። ኮፈኗ የዝሆን ቆዳ መስሎ ቀረ።

እመቤቲቱ «መቼም ሲያጌጡ ይመላለጡ ነው» ብለው ሊስቁ ሞከሩ። ነጋዴው አልሳቁም። ባለቤቴን ጠርተው «ከእንግዲህ የዚህችን መኪና ገላ ካንተ እጅ በቀር ማንም እንዳይነካው። አንዲት ጭረት ካየሁባት ቁልፉን አስረክበኝና ወደመጣህበት» አሉት።

ገላ አሉ። ልብ በሉልኝ፣ ቃሉን እኔ አይደለሁም ያመጣሁት።

ጅማ ወስዶ ቀለሟን አሳደሳት። ቀለም የቀባት ሰው እንዴት እንደምትታጠብም አስተምሮት ኖሮ ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ተመለሰ። የተማረውን ለእኔ አልነገረኝም፤ እኔ ግን ከጅረቱ ማዶ ልብስ የማጥብ መስዬ ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ። ጥላ ሥር ያቆማታል፣ ፀሐይ ላይ ፈጽሞ። ሞተሯ እስኪበርድ ይጠብቃል። በደረቁ አይነካትም፤ መጀመሪያ ከላይ ውሃውን ቀስ አድርጎ እያፈሰሰ ጭቃው በራሱ ጊዜ ለስልሶ እስኪንሸራተት ይታገሣል። አጠገቡ ቆሞ ለሚያየው ሰው «አሸዋው ሳይወርድ ካሸኸው የምትቧጭራት ራስህ ነህ» ሲል ሰምቼዋለሁ። ለመንገደኛ ይናገራል ማለት ነው።

ከዚያ ከጣሪያዋ ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል። የጎማዋን ጨርቅ ከገላዋ ጨርቅ አይቀላቅልም። በአንዱ ባልዲ ያለቀልቃል፣ በሌላው ያረጥባል። ሲያብሳት እጁን እያዞረ አይፈትግም፣ የፈረስ ጀርባ እንደሚዳብስ ሰው ወደ አንድ በኩል እያስተኛ ነው። የቀበቶው ዘለበት እንዳይነካት ወደ ጎኑ ያዞረዋል። ይህን ሁሉ ከማድረጉ በፊት ግን ቀለበቱን ያወልቃል።

የጋብቻችንን ቀለበት። እኔ እንዳልቧጠጥ ብሎ አንድ ቀን አውልቆት አያውቅም።

ሌላው ጉዳይ ጨርቁ ነው። አቡጀዲ ሻካራ ነው፣ ቡሉኮ ደግሞ ጭረት ይተዋል። ለእሷ የሚሆናት ሴት ለብሳ ለብሳ፣ አጥባ አጥባ ያለሰለሰችው ነጠላ ብቻ ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ በር ላይ ቆሞ «አሮጌ ነጠላ አለሽ?» ይለኛል። ከሚያናግረኝ ሁሉ ረጅሙ ይህ ነበር። እኔም አውጥቼ እሰጣለሁ። ክርስትና ላይ የለበስኩት፣ የታመምኩ ጊዜ የተከናነብኩት፣ እናቴ የፈተለችልኝ፣ ሁሉም ተራ በተራ እየተቀደደ ጅረት ወረደ። አሮጌው ሲያልቅ በአሮጌውና በአዲሱ መካከል ወዳለው ገባን።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ትከሻዬ ላይ ያለው የመልሳችን ዕለት የለበስኩት ነጠላ ነው፤ ለበዓል ካልሆነ አላወጣውም። «አሮጌ ነጠላ አለሽ?» አለኝ። «እንዴት ዋልሽ» አላለኝም፣ «ቅዳሴው እንዴት ነበር» አላለኝም። ደሜ አናቴ ላይ ወጣ። ነጠላውን ከትከሻዬ ገፍፌ ጫፉን በጥርሴ ይዤ ለሁለት ቀደድኩትና ግማሹን ፊቱ ላይ ወረወርኩለት።

«እንካ! እኔ ራቁቴን ልሂድ፣ እሷ ትልበስ!»

ጨርቁን አነሳው። አገላብጦ አየው። እኔንም አየኝ። ከዚያ ወጥቶ ሄደ።

ከዚያ ቀን ወዲያ አሮጌ ነጠላ ጠይቆኝ አያውቅም። መጀመሪያ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር፤ ለጎረቤቶቼም «እንዲህ ነው የሚቀጣው» ብዬ አውርቻለሁ። እየቆየ ግን መኪናዋ እንደወትሮዋ ስታበራ አየሁ፤ እንዲያውም ከወትሮዋ በልጣ። ታዲያ በምን ያብሳታል? ባል ቤቱ ገብቶ ምግብ አልጠይቅ ሲል ሆዱ ጠፍቶ አይደለም፣ ሌላ ቤት በልቶ ነው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይላሉ፤ የቀደድኩት ደግሞ እኔው ራሴ ነኝ።

በዚያው ሰሞን የማር ነገር መጣ። ከጅማ ያመጣው ማወልወያ አልቆበት ኖሮ አንድ ሰው ሰም ቀባት ይለዋል። ከዳሪሙ ገበሬዎች ጥሬውን ሰፈፍ፣ ማሩ ያልወጣለትን፣ ይዞ መጥቶ በላምባ አቅልጦ ቀባት። እውነት ለመናገር እንደ መስታወት ሆነች። የማርያም ዕለት ነጋዴውና እመቤቲቱ ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ወረዱባት። ቅዳሴው ሲያልቅ የአካባቢው ንብ ሁሉ ኮፈኗ ላይ ተሰብስቦ ጠበቃቸው። ሰው ነጠላውን በራሱ ላይ እየጣለ ተበተነ፣ እመቤቲቱ ጃንጥላቸውን ዘቅዝቀው እየተከላከሉ በእግራቸው ቤታቸው ገቡ። ንብ እንኳ ከእኔ ወገን ቆመ ብዬ ያን ቀን ጠላ አብዝቼ ጠጣሁ።

ደስታዬ ግን አልቆየም። በሳምንቱ መኪናዋ ያንኑ ያህል አበራች፣ ንቡ ግን አልመጣም። የመጣው ሽታው ነው፣ የመጣውም ቤቴ ነው። ባለቤቴ ምሳ ሊበላ ሲቀመጥ ማር ማር ይሸታል። አፉን አሸተትኩት፣ ጠጅ የለም። እጁ ነው የሚሸተው። እጁ ደግሞ እንደ ወጣት ሴት እጅ ለስልሷል። ሾፌር ሆኖ እጁ የሚለሰልስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

በሌላ ቀን ደግሞ ባዶ ጣቱን ይዞ ለምሳ ተቀመጠ። ቀለበቱ የለም።

«ቀለበትህስ?» አልኩት።

ጣቱን አየ። እንጀራውን ትቶ ተነሳና ወጣ። ተመልሶ ሲመጣ ቀለበቱ ጣቱ ላይ ነበር፤ እኔ ግን ምግቡን አንስቼዋለሁ።

«የት ነበር?»

«መኪናው ጋ» አለ።

«መኪናዋ ጋ» ብዬ አረምኩት። እሱም አልሳቀም፣ እኔም አልሳቅኩም።

ከዚያ በኋላ ዓይኔ ሥራ አገኘ። የሚያጥብበት ባልዲ ነጋዴው ግቢ ከመኪናዋ ማደሪያ ጥግ ይቀመጣል። አንድ ጠዋት ባለቤቴ ነጋዴውን በጭነት መኪናው ወደ ጎሬ ይዟቸው ሲሄድ ጠብቄ ገባሁና የባልዲውን ክዳን አነሳሁ። ውስጡ የታጠበና የታጠፈ የነጠላ ቁራጭ አለ። አወጣሁት። የእኔ አይደለም። የእኔን ጥለት ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ አውቀዋለሁ፤ ይሄ ጥለቱ ሰፋ ያለ፣ ቀይና ቢጫ የተጠላለፈበት ነው። አፍንጫዬ ላይ አደረግኩት፣ ማር ይሸታል። ጉንጬ ላይ አደረግኩት፣ ይለሰልሳል። እሱ ነው ያንገበገበኝ። ሸማ ከሸማኔ ቤት እንዲህ ለስልሶ አይወጣም፤ እንዲህ የሚያለሰልሰው የሴት ትከሻ ነው። የአንዲት ሴት ትከሻ የዓመታት ሥራ ባሌ እጅ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

ጨርቁን በጉያዬ ይዤ ወጣሁ። ሁለት እሑድ ሙሉ ቤተ ክርስቲያን የሄድኩት ለጸሎት አይደለም፤ የሴቱን ጥለት ስቆጥር ዋልኩ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። አልተገኘም። በመጨረሻ ገበያ ዳር የሚሠሩት ሽማግሌ ሸማኔ ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ይህ የእርስዎ እጅ ነው?»

ወደ ብርሃኑ አቅርበው አዩት። «የእኔ ነው። ለጠጅ ቤቷ ባለቤት የሠራሁት ነው» አሉ፤ ቀጥለውም ፊቴን አዩና የተናገረውን ሊመልስ እንደሚፈልግ ሰው መወርወሪያቸውን አነሱ። «አገር የሚለብሰው ጥለት ነው ልጄ፣ እኔም አርጅቻለሁ» አሉኝ። ነገር ግን ከአፍ ወጥቷል።

የጠጅ ቤቷን ባለቤት በስም እንጂ በቅርብ አላውቃትም ነበር። ባሏ የሞተባት፣ በራሷ የቆመች ሴት ናት። አስቀያሚ ትሆን ዘንድ መንገዱን ሁሉ ስጸልይ ሄድኩ። ቆንጆ ነበረች። ከእኔ አንድ ዓመት ብትበልጥ ነው፤ ያውም ከበለጠች። በራፉ ላይ ጎንበስ ብላ ትልቅ ጋን ታጥናለች። ትከሻዋ ላይ ጣል ያደረገችው ነጠላ ሰፊ ጥለት አለው፣ ቀይና ቢጫ። አንደኛው ጎኑ ተቀድዶ የተዘመዘመ ነው።

«ሃዳ መና ሾፌራ፣ ኮቱ ታኢ» አለችኝ ቀና ብላ። የሾፌሩ ሚስት፣ ነይ ተቀመጪ ማለቷ ነው። ማን እንደሆንኩ ሳልነግራት ማወቋ ሌላ እሳት ሆነብኝ።

«ለመቀመጥ አልመጣሁም» አልኩና ጨርቁን ፊቷ ዘረጋሁት። «ይህ የማን ነው?»

«የእኔ ነው።»

እንዲህ በቀላሉ ታምናለች ብዬ አልጠበቅኩም። ስትክድ ላወርድባት ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ አፌ ውስጥ ቀረ።

«ታዲያ ባሌ እጅ ላይ ምን ይሠራል?»

«መኪና ያጥባል! ጨርቅ ሌላ ምን ይሠራል?» ተቀብላኝ አሸተተችው። «በደንብ አላለቀለቀውም፣ ሰሙ ደርቆበታል። አንቺ ደግሞ ቁጭ በዪ እንጂ፤ ቆመሽ የምትሰሚው ነገር ሁሉ መጥፎ ይመስልሻል።»

ተቀመጥኩ።

«ያ የንቡ ጉድ የደረሰበት ቀን ወደ ማታ እዚህ መጣ» አለች። «ሰፈፍ እንዴት ይጠራል አለኝ። የጠጄን ሰፈፍ በውሃ ቀቅዬ፣ አጥልዬ፣ ደግሜ ቀቅዬ ማሩ ፈጽሞ ሲለቀው ሰሙን እሰጠዋለሁ። ጠጅ አይቀምስም። ገብቶ እንኳ አይቀመጥም። እዚህ በራፍ ላይ ሰሙንና ላምባውን እጁ ላይ እያሸ ያዋህዳል፤ ለዚህ ነው የሚሸትሽ። አሸተሽው አይደል?»

«ነጠላሽንስ ሰም ነው የቀደደው?»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችውና እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«መጀመሪያ ሲመጣ የአንቺን ይዞ ነበር። ያን ግማሹን። የፊተኞቹ ቁርጥራጮች ነትበው አልቀውበታል። ሰሙን ቀብቼ ላሳየው ብዬ ስስበው እጄን ያዘኝ።»

«እጅሽን?»

«እጄን። አትጩኺ፣ ስሚኝ። በዚህኛው አይሆንም አለ። ለምን አልኩት። እንደምታውቂው ነው፣ ቃል ሲያወጣ እንደ ምጥ ነው። ቆየና የመልሳችን ዕለት የለበሰችው ነው፣ እኔ አናድጃት ነው የቀደደችው፣ ጭቃ አላስነካውም አለኝ። እንግዲያው ሌላ ጠይቃት አልኩት። ተያት፣ ብጠይቃት ትከሻዋ ላይ ያለውን ትቀደዋለች፣ ብርድ ይመታታል አለ።» ጋኑን ወደ ጎን ዘወር አደረገችው። «መጀመሪያ ሳቅኩበት። ኋላ ግን ሳቄ ጠፋ። እኔን ብርድ ይመታታል ብሎ የሚያስብልኝ ሰው በዚህች አገር የለም። ተነስቼ የራሴን ቀደድኩለት። በይ እንግዲህ ፍረጂ፣ ማን በማን ይቅና?»

ተሸንፌ እንዳልነሳ ብዬ ብቻ «ቀለበቱንስ የት ያደርገዋል?» አልኳት።

«በአንቺው ግማሽ ነጠላ ጫፍ ይቋጥረዋል። ሴት ሳንቲሟን እንደምትቋጥረው። አጥቦ ሲጨርስ ፈትቶ ያጠልቃል። አንዳንዴ ይረሳዋል። ከመሪው ጎን ካለችው መሳቢያ ብታዪ ታገኚዋለሽ።»

በቀጥታ ነጋዴው ግቢ ሄድኩ። መኪናዋ ቆማለች፣ ጥቁር፣ ንጹሕ፣ ፊቴን መልሳ እያሳየችኝ። በሯን ከፍቼ መሳቢያዋን ሳብኩ። ነጠላዬ አለ። ታጥቧል፣ እንደ ዳዊት በአራት ታጥፏል። አንዱ ጫፍ ብዙ ጊዜ እየተቋጠረ ስለተፈታ ተጨማድዷል። አልነካሁትም፤ እንደነበረ ዘግቼው ወጣሁ። ኮፈኗንም በእጄ መዳፍ ዳበስኩላት። የዚያን ቀን ጠላትነታችን አለቀ።

እስከ ቤቴ በር ድረስ በደስታ ሄድኩ። በሩን ልከፍት እጄን ስዘረጋ ግን አንድ ሐሳብ መጥቶ ቀጥ አደረገኝ። ለእሷ ነገራት። ከተጋባን ጀምሮ ስጠብቀው የኖርኩትን ነገር፣ ብርድ ይመታታል የሚለውን፣ የእኔን ጆሮ አልፎ ጠጅ ቤት በራፍ ላይ ለሌላ ሴት አወጣው። ከእሷ ጋር ተኝቶ ቢሆን ኖሮ ምን እንደማደርግ አውቅ ነበር፤ እናቶቻችን ለዚያ የሚሆን ስድብም፣ ሽምግልናም፣ ልቅሶም አስተምረውናል። ለዚህ ግን ምን ይደረጋል? ለማንስ ይከሰሳል? ባሌ ይወደኛል፣ የነገራት ግን ለእሷ ነው ተብሎ ሽማግሌ ይሰበሰባል?

ሳምንቱን ሙሉ ይኸው እየበላኝ ከረምኩ። እሑድ ሲደርስ ሸማኔው የሠሩልኝን አዲስ ነጠላ ይዤ በር ላይ ጠበቅኩት።

«እንካ» አልኩት። «መኪናህን እጠብበት። የሰው ሴት ጨርቅ አትለምን።»

ያወቅኩ መሆኔን አወቀ። ነጠላውን ተቀብሎ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል አሸው።

«አዲስ ነው» አለ። «ገና ሻካራ ነው፣ ይቧጭራታል።»

«ታዲያ ምን ላድርገው?»

«ልበሺው መጀመሪያ» አለኝ። ነጠላውን ዘርግቶ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ፤ እጁ ማር ይሸታል።

ቆሜ ጠበቅኩ። አሁን ይለኛል አልኩ። ጠጅ ቤቷ ለምን ብላ አንዴ ስትጠይቀው እንደነገራት፣ ለእኔም ይለኛል። እኔ እሱን የምጠይቀው ሁልጊዜ የት ነበርክ ብዬ ነው፤ ለምን ብዬ ጠይቄው አላውቅም ነበር። በዚያች ሰዓት እንኳ ለምን ማለቱ አፌ ላይ አልመጣልኝም።

«ሌላ የምትለኝ የለም?» አልኩት።

አሰበ። በእውነት አሰበ፣ ግንባሩ ተቋጠረ።

«ፀሐይ ላይ አታስጪው» አለና ወጣ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ኖርን። ጠጅ ቤቷ ሰሙን ሰጠችው፣ እኔ እንጀራውን ሰጠሁት። ገበያ ላይ ስንገናኝ እሷ «አካም ጅርታ?» ትለኛለች፣ እኔ «ደህና» እላታለሁ፤ ዓይኖቼ ግን አፏ ላይ ናቸው። ነጠላዬን ለበስኩ፣ በጥላ አሰጣሁ፣ ደግሜ ለበስኩ። በየጊዜው ጫፉን ወደ እሱ ዘርግቼ «አሁንስ?» እለዋለሁ። አሸት ያደርገውና «ገና ነው» ይለኛል። ለመኪና የሚሆን ሆኖ ከለሰለሰ በኋላም «ገና ነው» ይለኝ ነበር።

ባለቤቴ የታመመው ጅረት ዳር መኪናዋን ሲያጥብ ነው። ሰዎች ተሸክመው አመጡት፤ ደረቱን ይዞ ነበር፣ ሌሊቱን አላለፈም። ስንገንዘው ጣቱ ባዶ ነው። ጎረቤቶቼ ባዶ ጣቱን አይተው እርስ በርሳቸው ሲተያዩ አየኋቸው። እኔ ግን የት እንዳለ አውቃለሁ። ነጋዴው ስነግራቸው ራሳቸው ሄደው ከመኪናዋ መሳቢያ አመጡልኝ፤ ግማሽ ነጠላ፣ ጫፉ ላይ የተቋጠረ ቀለበት። ሴቶቹ ፈትተው ሊያዩት ፈለጉ፣ አልፈቀድኩም። እሱ እንደቋጠረው ዛሬም ተቋጥሮ አለ።

ለቅሶው ላይ ጠጅ ቤቷ መጣች። ያንን ባለሰፊ ጥለት፣ የተዘመዘመውን ነጠላ አዘቅዝቃ ለብሳለች። ከሰው ሁሉ አልፋ አጠገቤ ተቀመጠች፤ አለቀሰች፣ ልቅሶዋም የእውነት ነበር። ሰው ምን ይላል ብላ አልፈራችም፣ እኔም ተነሺ አላልኳትም። ቋጠሮውን በእጄ ጨብጬ፣ ያ የለሰለሰው ነጠላ ትከሻዬ ላይ ሆኖ፣ ሴቶቹ ሙሾውን ሲያነሱ ጠብቄ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አልኩ።

«ስለ እኔ ሌላስ ምን ነገረሽ?»

እንባዋን እየጠረገች አየችኝ።

«ሌላ ምንም» አለች። «እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ያንኑ ብቻ ነው።»

አላመንኳትም። ዛሬም አላምናትም።